ሰላምታው ሳያልቅ

ማሽን ይደክመዋል ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ሰሊጥ ከሚራገፍበት ሜዳ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ከአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጬ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ የማውቀውን አውቃለሁ። "አሮጊቷ" ነው የምላት። ማራገቢያዋ ማጓራት ሲጀምር ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ደንበኞቼም "ዛሬ ደግሞ አሮጊቷ ምን ነካት?" ይሉኛል። ሱዳኖቹም ስሟን ለምደውት "አሮጊት ታዕባና" ይላሉ፣ ደክማለች ማለታቸው ነው።

ሱቁ ጠባብ ነው። ጣራው ላይ የሳተላይት ሰሃን አለኝ፤ የስልክ መስመር በጠፋ ቁጥር ሰዉ ወደኔ ይሮጣል። ከኡም ጋርጉር ካምፕ፣ ከፋው፣ ከመፋዛ ድረስ ስልኩን በእጁ ይዞ የሚመጣ አለ። አንዱ ይደውላል፣ አንዱ ድምፁን ቀድቶ ይልካል፣ አንዷ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ የተላከላትን ታዳምጣለች። አማርኛው፣ ትግርኛው፣ ዓረብኛው አንድ ላይ ሲጮህ ጆሮ ይበጥሳል። ያን ሁሉ የምታስተናግደው አሮጊቷ ናት።

በሆዷ ውስጥ ከርነል የሚባል ነገር አለ። ኮሌጅ ከተማርኩት ብዙውን ረስቼዋለሁ፣ እሱን ግን አልረሳሁትም፤ ወረፋ የሚያስከብር ኃይለኛ የገበያ ዘበኛ ይመስለኛል። አሮጊቷ ያላት አንድ ጭንቅላት ነው፣ ሥራ የሚፈልገው ግን መዓት ነው። ከርነሉ ለአንዱ የዓይን ጥቅሻ የማትሞላ ጊዜ ይሰጠውና "በቃህ፣ ተነስ፣ ለሚቀጥለው ልቀቅ" ይለዋል። ያ ተነስቶ ሌላው ይቀመጣል። ነገሩ እጅግ ፈጣን ስለሆነ እያንዳንዱ ደንበኛ ማሽኗ ለሱ ብቻ የምትሠራ ይመስለዋል።

ከበስተጀርባ የሚሠሩም አሉ። እነሱ ፊት ቆሞ የሚጮህላቸው ሰው የላቸውም። አንዱ ፋይል ያወርዳል፣ አንዱ ዲስኩን ይጠራርጋል፣ አንዱ ሰዓት ያስተካክላል። ለነዚህ ቁጥር እሰጣቸዋለሁ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሥራው ለሌላው የሚለቅ ይሆናል። የመጨረሻው አሥራ ዘጠኝ ነው። አሥራ ዘጠኝ የተሰጠው ሥራ ሌላው ሁሉ በልቶ ሲነሳ የተረፈውን የሚቀምስ ማለት ነው። ጨርሶ አይራብም፣ ሁልጊዜ ግን መጨረሻ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው በአሥራ ዘጠኝ ነው።

በስክሪኗ ጥግ ደግሞ ሦስት ቁጥሮች አሉ። ጭነት ይባላሉ። ስንት ሥራ ወረፋ ላይ እንዳለ በአማካይ ይናገራሉ፤ አንደኛው ስላለፈችው ደቂቃ፣ ሁለተኛው ስለ አምስት፣ ሦስተኛው ስለ አሥራ አምስት ደቂቃ። እኔን የሚገርመኝ ሦስተኛው ነው። የቅድሙን በአንድ ጊዜ አይረሳም፣ እየደበዘዘ እየደበዘዘ ነው የሚለቀው። ደንበኛው ሁሉ ወጥቶ፣ ሱቁ ጭር ብሎ፣ እሱ ገና የቅድሙን ግርግር ተሸክሞ ይቆያል። እኔም እንደሱ ነኝ መሰለኝ።

የተወለድኩት እዚሁ ነው። እናትና አባቴ በድርቁ ዘመን ከጎንደር በኩል በእግራቸው ሲመጡ እህቴ እናቴ ጀርባ ላይ ነበረች። አባቴ እዚሁ ሞቶ እዚሁ ተቀበረ። እማ ሰሊጥ አጨዳ፣ ዱራ የምንለውን ማሽላ ለቀማ ስትውል እኔን ያሳደገችኝ እህቴ ናት። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ትምህርት ቤት እጄን ይዛ የምትወስደኝ እሷ፣ እኔ ሳጠፋ ቁጣውን የምትቀበልልኝም እሷ። ስታድግ ካርቱም ማዶ ኦምዱርማን ገብታ ልብስ ሰፊ ሆነች። በየበዓሉ ትመጣለች፤ ገና ከበር ስትገባ "ያቺ ቁጡዋ የት አለች?" ትላለች። ቁጡዋ እኔ ነኝ። አሁን ይህን ስጽፍ ያን ድምፅ ደጃፌ ላይ ብሰማው ምን በወደድኩ።

ጦርነቱ ሲመጣ መስመሩም እህቴም ጠፉ። ከካርቱም የሸሸው ሰው ፍራሹን መኪና ላይ ቆልሎ ገዳሪፍን ሞላው፤ ትምህርት ቤቱ ሁሉ መኝታ ሆነ። እማ መንገድ ዳር እየቆመች ያላስቆመችው የለም። "ከኦምዱርማን ነው? አንዲት ሐበሻ፣ ልብስ ሰፊ፣ ረጅም፣ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያላት፣ አላያችኋትም?" ማንም አላያትም። ከዚያ ወዲህ እማ ቤታችን ደጃፍ ካለው የሣር ዳስ፣ ራኩባ ከምንለው፣ ሥር ወንበሯን ወደ ካርቱም መንገድ አዙራ ተቀመጠች።

ችግሩ መቀመጧ አልነበረም። እማ ስኳር አለባት፤ መድኃኒቷ ከገዳሪፍ ፋርማሲዎች አንድ በአንድ እየጠፋ ነበር። ከድንበሩ ማዶ፣ ኢትዮጵያ፣ መተማ ላይ ዘመድ አለን፣ እዚያ መድኃኒቱ ይገኛል። ጎረቤቱ ሁሉ በገላባት ድልድይ በኩል እየተሻገረ ነው። እግሯ ማበጥ ጀመረ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት።

"እማ፣ እንሂድ በቃ! መድኃኒትሽ እያለቀ ነው።"

"ልጄ መጥታ በሩ ተቆልፎ ታግኘው? እንዴት ያለ ነገር ነው የምትይኝ?"

"ለጎረቤት ነግረን እንሄዳለን። ሐጃ አሉ አይደል?"

"ሐጃ እናቷ ናቸው?"

ሐጃ አጥር የምንጋራቸው ሱዳናዊት ባልቴት ናቸው፤ እማን እንደ እህት ይወዷታል። እሳቸውም መጥተው "ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ሂጂ፣ እኔ በሩን እጠብቃለሁ" አሏት። እማ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው፣ ሻይ አቀረበችላቸው፣ ንቅንቅ ግን አላለችም። ልጄ የት እንዳለች ሳላውቅ አልነሳም አለች፣ ሌላ ነገር የለም። ኻላስ፣ አለቀ።

ስለ ሰላምታችን ካልነገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። ወላጆቻችን ከጎንደር ይዘውት የመጡት ሰላምታ ራሱ ረጅም ነበር፤ ሱዳን ደግሞ የራሷን ጨመረችበት። እኛ ሁለቱንም ነው የምናደርሰው። እንዴት ነሽ፣ እንዴት ሰነበትሽ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ኬፍ፣ ታማም፣ ኢንሻላህ ታማም፣ ጉልበትሽስ፣ ጎረቤትሽስ፣ ዝናቡስ። የቤቱ ነፍስ ሁሉ በየተራው ይጠየቃል፣ ከዚያ ነው ጉዳይ የሚወራው። ያለ ሰላምታ ንግግር የጀመረ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ መርዶ ይዟል። እኔ ትዕግሥት ስለሌለኝ ሰው ሱቄ ውስጥ በሳተላይት መስመር ሰላምታ ሲደረድር "ኧረ ወደ ነገሩ ግቡ!" ብዬ እጮሃለሁ። የሚሰማኝ የለም።

አንድ ጠዋት አሮጊቷን አስነስቼ ስቀመጥ አዲስ ፋይል አየሁ። የመጣው ከሰናር ከተማ ነው። ኮሌጅ አብራኝ የተማረች ሱዳናዊት እዚያ እንደኔው ያለ ሱቅ አላት፤ በሁለታችን ማሽን መካከል መንገድ ሠርተናል። እሷ ዘንድ የተቀዳ ድምፅ ቀስ እያለ ወደኔ ይወርዳል። መስመር ቢቋረጥ የመጣው ያህል ተቀምጦ ይጠብቃል፣ መስመር ሲመለስ ከተቋረጠበት ይቀጥላል። ሥራው ከበስተጀርባ ነው፣ ቁጥሩም አሥራ ዘጠኝ፣ ደንበኛ እንዳያስቸግር። ፋይሉ ግማሽ ነው። ከፈትኩት።

"እንዴት ናችሁ? እንዴት ሰነበታችሁ?"

እህቴ ናት! ወንበሩን ገልብጬ ነው የተነሳሁት። እየሮጥኩ ቤት ሄጄ እማን በአህያ ጋሪ ጭኜ አመጣኋት። ወንበር ሰጠኋትና ከመጀመሪያው ለቀቅኩት።

"እንዴት ናችሁ? እንዴት ሰነበታችሁ? እማ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ስኳሩስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፣ እንዳታስቢ። ያቺ ቁጡዋስ እንዴት ናት? አሁንም ሰው ላይ ትጮሃለች? ሐጃስ? ዓይናቸውስ? ልጆቻቸውስ ሁሉም ሰላም? ሎሚዋስ አፈራች? ያቺ ጥቁሯ ፍየልስ፣ ከብዳ ነበር፣ በሰላም ተገላገለች? ስን—"

እዚያ ላይ ተቆረጠ። ፍየሏ ላይ!

"ኧረ ፍየሏን ተይኝና የት እንዳለሽ ንገሪኝ!" ብዬ ስክሪኑ ላይ ስጮህ ሰሊጥ የሚያራግፉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ጠረጴዛውን መታሁት። እማን ግን ብታዩአት! ፊቷ በርቷል። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ወደ አሮጊቷ ጠጋ ብላ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ትሰጣለች። "ደህና ነኝ ልጄ። ጉልበቴ ተሽሎኛል። ቁጡዋም ይኸው ትጮሃለች። ሐጃም ደህና ናቸው። ሎሚዋ አበባ ይዛለች። ተገላግላለች የኔ ልጅ፣ ሁለት ናቸው፣ አንዷ እንዳንቺ ዓይነ ጎላ።" ከዚያ ወደኔ ዞራ "ፍየሏን እንኳ አልረሳችም" አለችና አለቀሰች።

"እማ፣ የት እንዳለች እኮ አልነገረችንም።"

"ትናገራለች። ሰላምታ ላይ ናት።"

የቀረው አልመጣም። በኋላ እንደሰማነው ያኔ ሰናር ላይም ነገር ተበላሽቶ ጓደኛዬ ሱቋን ዘግታ ወጥታ ኖሯል። የእህቴ ግማሽ ድምፅ እኔ ዘንድ፣ ግማሹ በጠፋ ማሽን ሆድ ውስጥ ቀረ። የሚያወርደው ሥራ አሁንም አለ፤ እየተነሳ መስመሩን ይነካካና ተመልሶ ይተኛል። እኔ ሞኟ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ቁጥሩን ቀየርኩት። ከአሥራ ዘጠኝ አንስቼ ከሁሉም በላይ፣ ከማንም በፊት የሚስተናገድ አደረግሁት። "ይኸው ቅድሚያ ሰጠሁህ፣ አምጣ!" አልኩት። ቅድሚያ ምን ያደርግለታል? ቅድሚያ የሚጠቅመው ወረፋ ላይ ለቆመ ነው። እሱ ወረፋ ላይ አልቆመም፤ ያጣው ጊዜ ሳይሆን እህቴን ነው።

እማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሯን ከራኩባው አንስታ ሱቄ ውስጥ አደረገች። ጠዋት አብራኝ ትመጣለች፣ ግማሿን ድምፅ ታስከፍተኛለች፣ መልሷን ትመልሳለች፣ ከዚያ እጇን አጣጥፋ ስክሪኑን ታያለች። ደንበኞቼ ተላመዷት፤ አንዳንዶቹማ እሷን ሰላም ሳይሉ ስልክ አይዙም። እኔ ልቤ ይደማል። እግሯ አብጦ ከጫማዋ እየተረፈ ነው፤ የመድኃኒቱ ብልቃጥም ሲነቀነቅ ድምፁ እየሳሳ ነው። "ነገ እንሂድ" ስላት ድምፁን ድገሚልኝ ትለኛለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሐሩሩ ገበያውን በትኖት፣ ሱቁ ውስጥ እኔና እማ ብቻ ሆነን፣ አሮጊቷ ማጓራት ጀመረች። ሦስቱን ቁጥሮች ባይ ሰማይ ነክተዋል። ወይ ጉድ! አንድ ደንበኛ የለ፣ የሚሠራ ሥራ የለ፣ ጭንቅላቷ ባዶ ነው። ይህ ሁሉ ጭነት ከየት መጣ? ሥራዎቹን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። አብዛኞቹ ተኝተዋል። ዲስኩ አርጅቶ መልስ መስጠት አቅቶታል፣ እነሱ ደግሞ ከዲስኩ የሚመጣላቸውን እየጠበቁ ነው።

ከርነል ሁለት ዓይነት እንቅልፍ ያውቃል። አንደኛው ቀላል ነው፤ ሲጠሩት የሚነቃ፣ ተነስ ሲሉት የሚነሳ፣ መስመር ሲመጣ ብድግ የሚል። የድምፁ አውራጅ እንቅልፉ እንዲህ ያለ ነው፤ ይህን ጭነት ብሎ አይቆጥረውም። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው። ከዲስክ የሚመጣ ነገር የሚጠብቅ ሥራ ያን ነገር ካላገኘ በስተቀር አይነቃም። ብትጮህበት አይሰማም። ልግደለው ብትል እንኳ አይሞትም። እንዲህ ያለውን ከርነሉ ምንም ሳይሠራ፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ ከሚሠሩት እኩል ጭነት ብሎ ይቆጥረዋል። ኮሌጅ ሳለሁ ይህ አይገባኝም ነበር፤ የተኛን ከሠራተኛ ጋር መቁጠር ምን የሚሉት ሒሳብ ነው እል ነበር።

"ምን እየሠራች ነው እንዲህ የምትጮኸው?" አለችኝ እማ።

"ምንም። እየጠበቀች ነው።"

"እሱማ ያደክማል" አለችና መቀነቷን አጥብቃ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

ያን ቀን ደግሜ እንሂድ አላልኳትም። እናቴን ሳያት የቆየሁት ግትር አድርጌ ነበር። ለካ እንደነዚያ ሥራዎች የምትጠብቀው እስኪመጣ መስማት አቅቷት ነው። ዲስኩን ቀየርኩ፣ ያለውን ግማሽ ድምፅ በስልኬም አስቀመጥኩ፣ ከዚያ እኔም አብሬያት መጠበቅ ጀመርኩ። ሐጃ ከየዘመዱ እየለመኑ መድኃኒት ያመጡላት ነበር፤ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ አይገኝም።

ሐሪፉ ገባ፤ ክረምቱን እንዲህ ነው የምንለው። መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ጥቁሩ አፈር የሰው ጫማ እየሳበ ያስቀራል። ዝናብ ባደረ ጠዋት ሱቄ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ የአውራጁ ሥራ ከእንቅልፉ ብድግ ሲል አየሁት። አልተኛም። ያወርዳል! ሰናር ያለችው ጓደኛዬ ተመልሳ ማሽኗን አስነስታ ነው።

"ሁላችሁም ስልካችሁን ዝጉ!" አልኩ። ማን ይሰማኛል? ጎትቼ መስመሩን ከሁሉም ቆረጥኩትና ለሱ ብቻ ለቀቅኩለት። ሱቁ ጩኸት ሆነ። አንዱ "ልጄ ጋር እያወራሁ እኮ ነው!" ይላል፣ አንዷ በዓረብኛ ታወርድብኛለች። እማ ከወንበሯ ተነሳች። "የልጄ ድምፅ እየመጣ ነው" አለች፣ ይህን ብቻ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ከኔ ጀርባ ተደርድሮ ቁጥሩ ሲሞላ ያይ ጀመር። ሲያልቅ ከተቆረጠበት ለቀቅኩት።

"ስንት ወለደች? ግልገሎቹን እንዳትሸጡብኝ። ውሃ የሚያመጣልን ሰውዬስ፣ አህያው ዳነለት? ሰላም በሉልኝ። በሉ እንግዲህ ጉዳዬን ልንገራችሁ። አሁን ሰናር ነኝ። ስልኬም መታወቂያዬም ኦምዱርማን ቀርተዋል። ነገ በሰሊጥ መኪና እንወጣለን። ገዳሪፍ አይገባም፣ ኬላ ይበዛል ብለው በመፋዛ አድርገው በእርሻው መሀል ዶካ ያወጡናል፤ ከዚያ መተማ ነው። የእማ መድኃኒት ገዳሪፍ እንደጠፋ ሰምቻለሁ፤ ከሰዉ ጋር እንደተሻገራችሁ አውቃለሁ። እዚያ ጠብቁኝ። ቀድሜያችሁ ከደረስኩም የትም አልሄድም፣ እጠብቃችኋለሁ።"

እማ "እኔ በፊት ለፊት በር ስጠብቃት ልጄ በጓሮ አለፈች" አለች። ያቺ በልመናም በእንባም ያልተነሳችው ሴትዮ ነጠላዋን አስተካክላ "መኪና ፈልጊልኝ" አለችኝ። በዚያ ባበጠ እግሯ ጭቃውን እየረገጠች ወደ ቤት ስትሄድ መድረስ አቃተኝ።

አብሬያት ልሄድ ልብሴን ስሰበስብ እጄን ያዘችኝ። "አንቺ እዚህ ሁኚ። እጠብቃለሁ ብላ ይህን ሁሉ ጊዜ የቆየች ልጅ ተስፋ ቆርጣ ወዲህ ብትመለስስ? ዳግም በጓሮ እንተላለፍ?" እውነቷን ነው። አንድ ሰው እዚህ፣ አንድ ሰው እዚያ መሆን አለበት። መተማ መስመር ስለሌለ ስልኬን ሰጠኋት፤ ድምፅዋን ትቀዳና ድልድዩን ለሚሻገር ሾፌር ትሰጠዋለች፣ እሱ ገላባት ካለ ሱቅ ወደ አሮጊቷ ይልከዋል።

"እማ፣ አንድ ነገር ማይልኝ" አልኳት። "መጀመሪያ ጉዳዩን ተናገሪ። አገኘኋት ወይም አላገኘኋትም። ሰላምታው ከዚያ ይደርሳል።"

"ያለ ሰላምታ? እንደ መርዶ ነጋሪ?"

"በማርያም ይሁንብሽ እማ!"

ቅር እያላት እሺ አለች። መኪናው ሲነሳ ግን አንገቷን በመስኮት አውጥታ ሐጃን፣ ልጆቻቸውን፣ ውሃ አምጪውን፣ አህያውን ሳይቀር ተሰናብታ ሳትጨርስ ሾፌሩ ነዳው።

ከዚያ በኋላ መጠበቁ የኔ ሆነ። ወንበሯን ከሱቁ ማውጣት አልሆነልኝም፤ ደንበኛም አይቀመጥበትም፣ ሁሉም ያውቃል። ቤት ስገባ ፍየሏ እንኳ ጀርባዬን ታያለች፣ ሌላ ሰው ከኋላዬ ይመጣ እንደሁ። ናፈቁኝ። እንዲህ ነው ብዬ የማወራበት ሌላ ቃል የለኝም፤ ሁለቱም ናፈቁኝ።

ድምፁ የመጣ ዕለት ቆሜ ነው የከፈትኩት። የእማ ድምፅ፣ ጎሮሮዋን ጠረግ አድርጋ፣ እንዳስማልኳት፣ ሰላምታ ሳትል ጀመረች። እኔው ራሴ ያዘዝኩት ነው፤ ቢሆንም ያለ ሰላምታ ስትጀምር መርዶ መሰለኝ።

"አገኘኋት።"

ከኋላ ሳቅና ልቅሶ የተቀላቀለበት ድምፅ "ያቺ ቁጡዋ ትሰማኛለች?" ሲል ሰማሁ። እማ ቀጠለች። "ይኸው ጉዳዩን አስቀደምኩልሽ። መድኃኒቱንም አግኝተናል። በይ አሁን፣ እንዴት ነሽ ልጄ? እንዴት ሰነበ—"

ተቆረጠ።

ጉዳዩን አገኘሁ፤ የለመንኩትን አንድም ሳይቀር አገኘሁ። እማ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፣ ተመስገን አልኩ፣ አለቀስኩ። ከዚያ ግን፣ እኔ ያቺ "ወደ ነገሩ ግቡ" ስል የኖርኩት፣ የቀረውን ፈለግሁት። ሰው ስለሆንኩ ብቻ የሚጠይቀኝን፣ ስለምበላው፣ ስለ ሎሚዋ፣ ስለ ግልገሎቹ የሚጠይቀኝን። ድምፁ ሲቆረጥ የተዘጋው የገላባቱ ሱቅ እስካሁን አልተከፈተም፤ ድልድዩም ይዘጋል ይከፈታል ይላሉ። አውራጁ ሥራ እየተነሳ መስመሩን ይነካካል፣ ተመልሶ ይተኛል። በስክሪኑ ጥግ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ዝቅ ብለዋል፤ የኔን መጠበቅ አይቆጥሩም።

ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ ያችን አጭር ድምፅ እከፍታለሁ። እማ "እንዴት ሰነበ" ብላ ስትቋረጥ ወደ አሮጊቷ ጠጋ እላለሁ።

"ደህና ነኝ እማ። ሎሚዋ አፍርታለች። ግልገሎቹም አድገዋል፣ አልሸጥኳቸውም። ሐጃም ሰላም ብለውሻል፣ አህያውም ድኗል" እላለሁ፣ ሳልቸኩል፣ አንድ በአንድ፣ ማንንም ሳልዘል።

ከዚያ ሱቁን እከፍታለሁ።